ጠርሙሷና ቴስታታው፤ ጓርኒሲዮን በቤት መጠገን መቼ ያዋጣል?

ያገለገለ መኪና የሚሻሻጥበት ቦታ የቆመ ሰው «ሞተሩ ደረቅ ነው» የሚል ሙገሳ ሳይሰማ አይመለስም። ዘይት አያንጠባጥብም፣ ውሃ አይጨርስም ማለት ነው። ሙገሳው እውነት ሲሆን ዋጋ አለው። አንዳንዴ ግን ሞተሩን ያደረቀው የባለቤቱ አያያዝ ሳይሆን ራዲያተሩ ውስጥ የፈሰሰች አንዲት ጠርሙስ ናት። ይህች በመለዋወጫ ሱቆች «ሲላንት» የምትባል ጠርሙስ በቅን ሰው እጅ ስትሆን የችግር ጊዜ መላ ናት፤ በሌላ ሰው እጅ ደግሞ የተቃጠለ ሞተር መሸጫ። ነጋዴውም ደላላውም መኪና ላይ ገንዘቡን የሚያውለውም ሰው ልዩነቱን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ይህን ጉዳይ እንድከታተል ያነሳሳኝ የአንድ ጓደኛዬ ገጠመኝ ነው። ያጠራቀመው ስላልበቃው ከዘመድ ተበድሮ አንዲት ያገለገለች ኮሮላ ገዛ። እኔም በምስክርነት ቆሜ ፈርሜያለሁ። ደላላው ሞተሩን አስነሥቶ አሳየን፤ ጭስ የለም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዞ አሳየን፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው። መኪናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ከተማ ውስጥ ያለ እንከን ሠራች። ከአዳማ ስትመለስ ግን ሞጆን አልፋ ቢሾፍቱ ሳትደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ። ጋራዥ ገብታ ቴስታታው ሲነሣ በውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የመስታወት ፍርፋሪ የሚመስል ነጭ ነገር ተጋግሮ ተገኘ። መካኒኩ በጥፍሩ ፈርፈር አደረገውና «ይህቺ መኪና ሳትሸጥ በፊት መድኃኒት ጠጥታለች» አለ። ደላላው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፣ እኔም ያየሁት አንተ ያየኸውን ነው»።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ አይበቃም ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ የሚከፈልባቸውን ቀረጥ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሦስቱ ተደማምረው አገር ውስጥ ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ሀብት እንድትያዝ አድርገዋታል። በሌላ አገር ቴስታታዋ ሲቃጠል ወደ ብረት መጣያ የምትሄድ መኪና እኛ ዘንድ ተጠግና ትሸጣለች፤ ደግማም ትሸጣለች። ስለዚህ «በምን ዓይነት ጥገና ነው የተጠገነችው?» የሚለው ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

ጓርኒሲዮኑ ምን ተሸክሟል?

ከጣሊያኖች የወረስነው የጋራዥ ቋንቋ ብዙ ስለሆነ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። የሞተሩ የታችኛው አካል ሞኖብሎክ ነው፤ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱት እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ እንደ ክዳን የሚገጠመው፣ ቫልቮላዎቹን የያዘው ክፍል ቴስታታ ይባላል። በሁለቱ መካከል የሚገባው ስስ ገበታ ደግሞ ጓርኒሲዮን ነው። ስስ ይሁን እንጂ ሦስት የማይታረቁ ነገሮችን ለያይቶ የሚይዝ ዳኛ ነው፤ በአንድ በኩል የሚነድ ጋዝ፣ በሌላ በኩል የማቀዝቀዣ ውሃ፣ በሦስተኛው በኩል ዘይት።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት ከ50 እስከ 80 ባር ይደርሳል። በናፍጣ ሞተር ከ100 ባር በላይ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ግፊት ግን አንድ ባር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልን፤ ጠርሙሷ የምትሠራበትና የማትሠራበት ጉዳይ በሙሉ ከዚህ ይነሣል።

ጓርኒሲዮን በራሱ ጊዜ እምብዛም አይሞትም። የሚገድለው ሙቀት ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ መኪኖች ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ በብዙዎቹ ታዋቂ ሞተሮች ደግሞ ሞኖብሎኩ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ በ70 ዲግሪ ሲሞቅ 0.64 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን 0.31 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጓርኒሲዮኑ በየቀኑ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር፣ ይህን ፍትጊያ ይችላል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ግን አሉሚኒየሙ በቡሎኖቹ መካከል ይጣመምና ቀዝቅዞም ወደ ቦታው አይመለስም። ያኔ የሚያልፈው ጋዝ መንገዱን እያሰፋ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ከፍታ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ አልቆ ግፊት መያዝ ካቃተው ጅቡቲ ያለው መኪና ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በላይ ቢያንስ 12 ዲግሪ ትርፍ ሲኖረው አዲስ አበባ ያለው የሚቀረው 4 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነና 0.9 ባር ግፊት ከያዘ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ከመለዋወጫ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ክዳን ቴስታታን ያህል ነገር ይጠብቃል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በየጋራዡ ሞተር ሲግል መጀመሪያ የሚወረወረው ቴርሞስታቱ ነው፤ ክዳኑን የሚያይ የለም። ቴርሞስታቱ የወጣለት ሞተር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ የሚያቋርጥ ሹፌር ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር ያውቀዋል። ቁልቁለቱን የወረደ መኪና በበረሃው ሙቀት ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ዳገቱ መሐል የቆመ መኪና ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ሲከፈትና ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመርበት ማየት የተለመደ ነው። ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ይሠራል። የጋለ ራዲያተር ሲከፈት በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ ባንድ አፍታ ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ብረት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሞተሩን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ከጓርኒሲዮን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነፃ ነው።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው

ከሲላንቶቹ መካከል ብርቱ የሚባሉት ብዙዎቹ የሚሠሩት በሶዲየም ሲሊኬት ነው። «የውሃ መስታወት» ተብሎ የሚጠራ፣ ከአሸዋና ከሶዳ የሚሠራ ፈሳሽ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ የጋለ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ውሃውን ያጣና መስታወት መሰል ጠጣር ይሆናል። አሳቡ ብልህ ነው። ፈሳሹ በማቀዝቀዣው መሥመር ይዞራል፤ የሚያፈስስ ቀዳዳ ሲያገኝ ይገባል፤ ቀዳዳው በሚነድ ጋዝ የጋለ ስለሆነ እዚያው ይደርቅና ይደፍናል። ሌሎች ደግሞ የመዳብ ብናኝ ወይም ጭረት የተቀላቀለባቸው አሉ፤ እነዚህ በመጠኑም ቢሆን እንደ ቡሽ ይወተፋሉ። የእንቁላል ነጭ ወይም በርበሬ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምሩ የቀድሞ ሹፌሮች ያው አሳብ ነበራቸው።

የዚህን ኬሚካል ጉልበት ለመረዳት አንድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ የሚበሉ አሮጌ መኪኖችን ለሚያስረክቡ ሰዎች ለአዲስ መግዣ ድጎማ ይሰጥ ነበር። የተረከባቸው ከ670 ሺህ በላይ መኪኖች ሞተራቸው ተመልሶ ገበያ እንዳይገባ ነጋዴዎቹ ዘይቱን አፍስሰው በምትኩ ሁለት ሊትር ያህል የሶዲየም ሲሊኬት ውሁድ እንዲጨምሩና ሞተሩን እንዲያስነሡ ታዘዙ። ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ ይቆማል፤ ዳግም አይነሣም። ውሃ መሥመር ውስጥ መድኃኒት የሆነው ፈሳሽ ዘይት መሥመር ውስጥ መርዝ ነው። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ የተበሳው በውሃና በዘይት መካከል ከሆነ ጠርሙሷን መጨመር ሞተሩን ራስ ላይ እንደ መተኮስ ይቆጠራል።

የጠርሙሷ ሙያ የሚሰምረው በጠባብ ክልል ነው። ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውጭ የሚያልብ ወይም በጥቂቱ ወደ አንድ ሲሊንደር የሚሾልክ፣ ነገር ግን ከልክ በላይ ያልጋለና ያልተጣመመ ሞተር ከሆነ ሊሠራ ይችላል። የሚነድ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባበት ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ባር ግፊት የሚመጣ ፈሳሽ ከ50 ባር በላይ በሚተፋ ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ይደርቃል ብሎ ማሰብ የሚነፋ ጎማ በምራቅ ለመለጠፍ እንደ መሞከር ነው። ለጥቂት ቀን ይይዝ ይሆናል፤ ለመሸጫ የሚበቃው ግን ያ ጥቂት ቀን መሆኑ ነው ችግሩ።

በግቢው ሊሞክረው ለሚፈልግ ሰው አሠራሩ ይህ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ አሮጌው ውሃና ኩላንት ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ይህ የይስሙላ ሥራ አይደለም፤ ኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ሶዲየም ሲሊኬትን ያለ ቦታው ያረጋዋልና። ቴርሞስታቱ ለጊዜው ይነሣል፤ ወደ መኪናው ውስጥ ሙቀት የሚሰጠው ትንሽ ራዲያተር ቱቦዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ቢለይ ይመረጣል፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ተበጥብጦ ሞተሩ እየሠራ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ ለተባለው ደቂቃ ይዞራል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻም ፈሳሹ ወጥቶ እንዲደርቅ እስከ አንድ ቀን ይተዋል። «ሁለት ጠርሙስ ይሻላል» የሚል ምክር የሚሰጥ ሱቅ የሚያስበው ለራሱ ነው፤ ትርፉ ሲሊኬት የሚረጋው ራዲያተሩ ውስጥ ነው።

ሂሳቡ

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ልማድ ሆኖበት ሁሉንም ነገር ወደ ሂሳብ ይመልሳል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። የጋራዥ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በግምት መለኪያ እንሥራ። ቴስታታ አንሥቶ ጓርኒሲዮን መቀየር ሙሉ ዋጋው 100 ነው እንበል። ጠርሙሷና እጥበቷ 8 ይሁን። ጠርሙሷ ካልሠራች ሙሉውን 100 መክፈል አይቀርም፤ የተደፈነ ራዲያተር ለማስከፈትም 12 ይጨመር። በዚህ ብቻ ብናሰላ ጠርሙሷ ከመቶ ሙከራ 18 ጊዜ ከሠራች ወጪና ገቢው እኩል ይመጣል። ለዚህ ነው «ሞክራት፣ ምን ትጎዳለህ?» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አሳማኝ የሚመስለው።

ሂሳቡ ግን አንድ ነገር ረስቷል። ጠርሙሷ ያልሠራችበት ሞተር ሲከሽፍ የሚከሽፈው መንገድ ላይ፣ ግሎ ነው። ከከሸፉት ግማሾቹ ቴስታታቸው ተሰንጥቆ ሌላ መግዛት ያስፈልጋቸዋል፣ ዋጋውም 150 ነው ብንል የውድቀቱ አማካይ ወጪ ከ112 ወደ 187 ይወጣል። ያን ጊዜ ጠርሙሷ እኩል የምትሆነው ከሁለት ሙከራ አንዱ ሲሰምር ነው። ቁጥሮቹ የግምት ናቸው፤ አንባቢ የራሱን መካኒክ ጠይቆ የራሱን ቁጥር ያስገባ። ውጤቱ የሚያሳየው ግን ውሳኔውን የሚወስነው የጠርሙሷ ዋጋ ሳይሆን የቴስታታው ዋጋ መሆኑን ነው። ቴስታታዋ በሱማሌ ተራ በየሱቁ የምትገኝ መኪናና ቴስታታዋ ከውጭ በትእዛዝ የምትመጣ መኪና አንድ ዓይነት ውሳኔ አይገባቸውም። የሚኒባስ ባለቤት ደግሞ የቆመበትን ቀን ገቢ ይጨምርበት፤ በተለይ ረዳትና ሹፌር ያለው።

ቴስታታውን እቤት ማንሣትስ?

ይቻላል። እጁ የሠለጠነ፣ ጊዜና ንጹሕ ቦታ ያለው ሰው ቀለል ያለ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በሁለት ቅዳሜና እሑድ ይጨርሳል። ገንዘብ የሚተርፈውም የሚጠፋውም ግን ሰዎች በሚንቋቸው ቦታዎች ነው።

የመጀመሪያው ቡሎን ነው። ሲፈታ ከዳር ወደ መሐል፣ ሲታሰር ከመሐል ወደ ዳር፣ ያውም በደረጃ ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ቡሎኑ መጀመሪያ በቀላል ኃይል ይታሰርና ከዚያ ሩብ ዙር፣ እንደገና ሩብ ዙር ይጠመዘዛል። ይህ አሠራር ቡሎኑን ሆን ብሎ ስለሚለጥጠው የተለጠጠ ቡሎን መልሶ መጠቀም ማለት የላላ ቴስታታ ማለት ነው። «ቡሎኑ ደኅና ነው፣ ገንዘብ አታባክን» የሚለው የወዳጅ ምክር ስንቱን ሞተር በስድስት ወር ውስጥ እንደ መለሰው መካኒኮች ይነግሯችኋል። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ለአንድ ሥራ መግዛት ውድ ስለሆነ መከራየት ወይም መዋስ ነው፤ በክንድ ግምት ማሰር ግን አይሆንም። የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ቀርቶ ቡሎን ከተጠመዘዘበት መውጫ ያጣው ፈሳሽ ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል፤ ቀዳዳው በአየር ተነፍቶ መድረቅ አለበት።

ሁለተኛው የፊት ልክ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ ተጋድሞ ከሥሩ ስስ የክፍተት መለኪያ ይሞከራል። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ። በዓይን አይታይም። ከዚያ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጋል፤ አብሮም ስንጥቅ እንዳለበት በግፊት ይፈተሻል። ለዚህ የሚከፈለው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ሲሆን ሰው ሊቆጥበው የሚሞክረው ግን እሱን ነው።

ሦስተኛው ጽዳት ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት መፋቅ ፈጣን ነው፤ የሚበነው ደቃቅ ግን ዘይት መሥመር ገብቶ ብሮንዚኑን ይበላል። በቀስታ በማይሰላ ፍቂ መፋቅ ይሻላል። የቀድሞ መኪኖች ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መቦነን የለበትም፤ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ አርጥቦ ማንሣት ነው። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከብረት ንብብር የተሠራ ከሆነ ማስቲሽ መቀባት አያጠነክረውም፤ አምራቹ ቦታውን ለይቶ ካላዘዘ በቀር ያበላሸዋል።

ሱማሌ ተራ ሲወርዱ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች የተለያየ ሞተር አላቸው። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ ውፍረቱን የሚናገረው ጠርዙ ላይ ያለው ምልክት ስለሆነ አሮጌውን ሳይጥሉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በአጠቃላይ ግን የናፍጣ ሚኒባስና የጭነት መኪና ቴስታታ የግቢ ሥራ ነው ብዬ አልመክርም። ክብደቱም ግፊቱም ሌላ ነው።

ገዥ ምን ይይ?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አኬርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቶ ነበር፤ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሻጭ የመኪናውን ጤና ያውቃል፣ ገዥ አያውቅም። ስለዚህ ገዥ ለሁሉም መኪና የሚሰጠው አማካይ ዋጋ ይሆናል። በአማካይ ዋጋ የማይስማማው የጥሩ መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ጠርሙሷ የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ የታመመውን መኪና ከጤነኛው እንዳይለይ ታደርገዋለች። የሚጎዳውም ገዥ ብቻ አይደለም፤ ቴስታታውን በወጉ አሠርቶ ደረሰኙን የያዘ ሻጭም ለፍቶ ዋጋውን አያገኝም።

መለያ መንገዶች ግን አሉ። መኪናውን ለማየት ሲኬድ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ኮፈኑን በእጅ ዳስሶ ሞቆ ከተገኘ «ለምን አስቀድሞ ተነሣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ይታያል። ደመናማ፣ የሚያጣብቅ ወይም የመዳብ ብልጭታ ያለበት ከሆነ ጠርሙሷ አልፋበታለች። ኩላንት በሌለበት ገና ትናንት የተቀየረ ጥርት ያለ ውሃም ያጠራጥራል። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሣል፤ ፊኛ እየፈነዳ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ሆኖ ከጠጠረም ያው ነው። የሠለጠኑ ጋራዦች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በውስጡ ሲያልፍ የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጠርሙሷ ምንም ብትደፍን ካልደፈነች ይህን ማታለል አትችልም።

በሌላ በኩል ያለ በቂ ምክንያት መኪና ማንኳሰስም አለ፤ ገዥ ዋጋ ለማውረድ፣ መካኒክ ሥራ ለማግኘት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ተራ እንፋሎት ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር የሚገኝ ጥቂት ነጭ አረፋም አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ ከቅዝቃዜ ሊመጣ ይችላል። መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት ከተቀላቀለበት ቡና ጋር ከተመሳሰለ ግን ክርክር አያስፈልግም።

የመጨረሻው ፈተና ዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጥቶ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ ማየት ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዥም ዕቃውን እንደ ተረከበ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረመው ውል ግን ብዙ ጊዜ «መኪናውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ብሎ ያበቃል። «የሞተሩ የማቀዝቀዣ ክፍል ሲላንት ያልተጨመረበት ስለመሆኑ ሻጭ ያረጋግጣል» የምትል አንዲት መሥመር ማስገባት ምንም አያስከፍልም። ሻጭ ሲፈርም ፊቱን ማየት ደግሞ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ሁለት በመቶውን ለሚቀበል ደላላም ይህች መሥመር ጠላት አይደለችም፤ ነገ ስልኩ ሲጮህ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

ጓደኛዬ ይህቺ መሥመር አልነበረችውም። ሻጩ ስልክ ማንሣት አቆመ፤ ደላላው ለሽምግልና ያህል ከኮሚሽኑ ጥቂት መለሰ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተላገ፤ ጓርኒሲዮንና ቡሎን አዲስ ገባ፤ ራዲያተሩ ተከፍቶ ተጠረገ፤ ክዳኑም ተቀየረ። ዕዳው ስለከበደው አሁን መኪናዋን ለሽያጭ አቅርቧታል፤ የተሠራላትን ሁሉ ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይዞ ከገበያው ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ሊያያት የመጣው ደላላ ፋይሉን ገልጦ አየና መልሶ ዘጋው። «ይህን ለገዥ አታሳይ፤ ቴስታታዋ ተነሥቷል ካልከው ዋጋዋ ይወርዳል» አለው። ፋይሉ እስካሁን መኪናዋ ውስጥ ነው፤ መኪናዋም አልተሸጠችም።